ቅጹ በስክሪኑም በወረቀቱም ይሥራ

የእህል ግብይቱ ሰነድ የአዴቱን ሰብሳቢም የእህል በረንዳውን ጅምላ ነጋዴም ማገልገል አለበት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን አባባል የማያውቅ ነጋዴ የለም። አባባሉ የማይነግረን ነገር ቢኖር ጽሑፉ የሰፈረበት ወረቀት በአግባቡ ካልተዘጋጀ በጽሑፍ ያለውም ነገር ሊያጣላ የሚችል መሆኑን ነው። ከአዴት፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከዙሪያቸው ገጠሮች እህል ገዝቶ ወደ አዲስ አበባ የሚያስጭን ነጋዴ፣ ደላላና ባለሀብት ሁሉ ሊያስብበት የሚገባው ጉዳይ ይኸው ነው።

እንደሚታወቀው አዴት ከባሕር ዳር በስተደቡብ በሞጣ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የይልማና ዴንሳ ወረዳ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ስንዴና ድንች የሚመረትበት አገር ሲሆን የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከልም የሚገኘው እዚያው ነው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በበኩላቸው በበቆሎ ምርታቸው የታወቁ ናቸው። በተለይ ቡሬ በ2013 ዓ.ም. የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ከተመረቀባት፣ የተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክም ከተቋቋመባት ወዲህ ስሟ በከተማ ባለሀብቶች ዘንድ ደጋግሞ ይነሣል።

ከዚህ አገር ጋር የሚነግድ ሰው ከጆንያው እኩል ወረቀት ያስፈልገዋል። የግዢ ውል አለ፤ የቅድሚያ ክፍያ መተማመኛ አለ፤ የሚዛንና የርክክብ ቅጽ አለ፤ ከሹፌሩ ጋር የሚሄድ የጭነት ማዘዣ አለ። እነዚህ ቅጾች ዛሬ በአብዛኛው የሚዘጋጁት በኮምፒዩተር ነው። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያለች ጸሐፊ በወርድ ፕሮግራም ትሠራቸዋለች፤ ከዚያ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ይላካሉ። ቅጹ ቢሮ ውስጥ ሲሞላ በኪቦርድ ይሞላል፤ አዴት ገበያ ሚዛን አጠገብ ሲደርስ ግን በእስክሪብቶ ነው። ቅጹን ያዘጋጀችው ስክሪኑን እያየች ነው፤ የሚሞላው ግን ጉልበቱ ላይ ወይም ጆንያ ላይ ዘርግቶ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በብር የሚተመን ነው።

ልዩነቱ በብር ሲሰላ

ለአብነት ያህል አንድ የአዲስ አበባ ጅምላ ነጋዴ ከአዴት ሰብሳቢ 200 ኩንታል ነጭ ጤፍ ለመግዛት ቅጽ ልኳል እንበል። የነጋዴው ጸሐፊ «የጤፉ ዓይነት» ከሚለው አጠገብ ሲጫኑት ወደታች የሚዘረጋ መምረጫ አስቀምጣለች። በስክሪን ላይ ሲታይ በጣም ያማረ ነው፤ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ እያለ ይዘረዝራል። አዴት ላይ ታትሞ ሲወጣ ግን ዝርዝሩ የለም። ወረቀቱ ላይ የሚታየው በእንግሊዝኛ «አንዱን ይምረጡ» የሚል ግራጫ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሰብሳቢው ምን እንደተጠየቀ ስላልገባው ከጎኑ «ጥሩ ጤፍ» ብሎ ይጽፋል።

ጭነቱ እህል በረንዳ ሲራገፍ ገዢው «ይኼ ሰርገኛ ነው» ይላል፤ ሻጩ «ጥሩ አልኩ እንጂ ነጭ አላልኩም» ይላል። በነጩና በሰርገኛው መካከል በኩንታል የ1,000 ብር ልዩነት ቢኖር በ200 ኩንታል ላይ 200,000 ብር መሆኑ ነው። ሁለቱም ወገኖች ሐቀኞች ናቸው። ያጣላቸው ወረቀቱ ነው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ካመጣቸው ነገሮች አንዱ ገዢ እህሉን ሳያይ በመጋዘን ደረሰኝ ላይ ተመሥርቶ መገበያየት መቻሉ ነው። ይህ የሚቻለው የእህሉ ዓይነት፣ ደረጃ፣ ክብደትና መጋዘን ቁርጥ ባለ መልክ በተወሰነላቸው ቦታ ስለሚሰፍሩ ነው። ከምርት ገበያው ውጭ የሚገበያይ ነጋዴም ይህንኑ ጥቅም በራሱ ቅጽ ማግኘት ይችላል፤ የቅጹ መሙያ ቦታዎች ግን በየትም ቢሞሉ አንድ ዓይነት መልስ የሚያስገኙ መሆን አለባቸው።

ሕጉ ወረቀቱን አይለቅም

አንዳንድ ወገኖች «ዘመኑ የዲጂታል ነው፤ ወረቀት ቀርቶ ሁሉም በስልክ ይለቅ» ይላሉ። አባባላቸው መሠረት የለውም አይባልም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 በ2010 ዓ.ም.፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ወጥተዋል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህም ገንዘቡ በስልክ መሄድ ለምዷል።

ይሁን እንጂ ገንዘብ በስልክ መሄዱና ውል በስልክ መታሰሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዛሬም የሚሠራ ሲሆን ስለ ውል አጻጻፍ የሚለው ግልጽ ነው። እርግጥ ነው፣ የእህል ሽያጭ የግድ በጽሑፍ ይሁን የሚል ጠቅላላ ደንብ የለም። ነገር ግን ተዋዋዮቹ ራሳቸው ውላችን በተለየ ፎርም ይሁን ብለው ከተስማሙ በዚያው ፎርም ካልተደረገ ውሉ እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል። በጽሑፍ ይደረግ ዘንድ የታዘዘ ውል ደግሞ በቁጥር 1727 መሠረት ተዋዋዮቹ ሊፈርሙበትና ሁለት ምስክሮች ሊያረጋግጡት ይገባል። ቁጥር 1728 በእጅ መፈረም የማይችል ሰው የጣት አሻራውን እንዲያኖር ይፈቅዳል፤ የማያነብ ሰው አሻራ ግን በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም።

የቅድሚያ ክፍያ ነገር ከዚህም ይብሳል። በመኸር መግቢያ ለሰብሳቢው በብድር መልክ ብር መልቀቅ የተለመደ ነው። በቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ሊረጋገጥ የሚችለው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው። 500 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ አንባቢ ያውቀዋል። ስለዚህ ለገበያ የሚለቀቅ ብድር ሁሉ ከዚህ ወሰን በላይ ነው ማለት ይቻላል። ሳይጻፍ የተሰጠ ብር፣ ወይም ቀኑና መጠኑ በማይነበብ ቅጽ ላይ የተሰጠ ብር፣ ተበዳሪው ከካደ የሚመለስበት መንገድ ጠባብ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የግብርና ምርት ውል አዋጅም አምራቹንና አስመራቹን በውል የሚያስተሳስር በመሆኑ ለፋብሪካና ለፓርክ ጥሬ ዕቃ የሚያቀርቡ ገበሬዎች የሚፈርሙት ወረቀት እየበዛ መሄዱ አይቀርም። ገበሬው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ የሚያሳርፈው ስክሪን ላይ አይደለም። ወረቀቱ የመጨረሻው ሰነድ ከሆነ ቅጹ መጀመሪያ መታሰብ ያለበት ለወረቀቱ ነው።

ሌላም ማስታወሻ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በዚያ ጊዜ ሥራውን በሙሉ በኢንተርኔት ላይ የጣለ ነጋዴ ምን እንደገጠመው መገመት አያዳግትም። ባዶ ቅጽ አሳትሞ በመሳቢያው ያስቀመጠ ሰው ግን መብራት ቢጠፋም መስመር ቢቋረጥም ይጽፍ ነበር።

ሁለት ቅጽ ማዘጋጀት መፍትሔ አይደለም

ችግሩን የተረዱ አንዳንድ ድርጅቶች አንዱን ለኮምፒዩተር፣ ሌላውን ለእጅ ጽሑፍ እያሉ ሁለት ቅጽ ያዘጋጃሉ። ይህ ለጊዜው የሚያሳርፍ ይመስላል። ሆኖም በዓመቱ አንዱ ቅጽ ይሻሻላል፤ ሌላው ይረሳል። በኮምፒዩተሩ ቅጽ ላይ የእርጥበት መጠን የሚል አዲስ ቦታ ይጨመራል፤ አዴት ላይ ያለው የወረቀት ክምር ግን የድሮው ነው። ሒሳብ ሠራተኛው ሁለቱን ሲያስተያይ ተራ ቁጥራቸው እንኳ አይገናኝም። ስለዚህ የሚያዋጣው አንድ ፋይል፣ አንድ አቀማመጥ፣ አንድ ተራ ቁጥር ነው።

አንዱን ቅጽ ለሁለቱም ማዋል ደግሞ የሚከብድ ሥራ አይደለም። የሚጠይቀው ጥቂት ልማዶችን መተው ነው።

የመጀመሪያው ልማድ በሰረዝ የተሠራ መስመር ነው። «ስም ________» ብሎ በኪቦርድ የተሰመረ ቅጽ ለእስክሪብቶ ይመቻል። በኮምፒዩተር ሲሞላ ግን ፊደሉ በገባ ቁጥር መስመሩ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ወደሚቀጥለው ረድፍ ይወርዳል፤ የገጹ ቅርጽ ይበላሻል። መፍትሔው ሠንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ መልስ የራሱ ሳጥን ይሰጠዋል፤ ከሳጥኑ የታችኛው መስመር ብቻ እንዲታይ ይደረጋል። ለጻፊው ሰው መስመር ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ሳጥን ነው።

ሁለተኛው የረድፍ ቁመት ነው። ባለ 12 ነጥብ የኮምፒዩተር ፊደል 4 ሚሊ ሜትር ከፍታ ይበቃዋል። የሰው እጅ ግን፣ በተለይ ቆሞ ሲጽፍ፣ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። ስክሪን ላይ ተጠጋግተው የሚያምሩት ረድፎች ወረቀት ላይ እርስ በርሳቸው የሚደራረብ የእጅ ጽሑፍ ያስከትላሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። የኤ 4 ወረቀት ቁመት 29.7 ሳንቲ ሜትር ነው። ከላይና ከታች ኅዳግ ሲቀነስ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀራል፤ ለርዕስ፣ ለፊርማና ለማኅተም 8 ቢሰጥ 17 ይቀራል። ረድፉ 8.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን 20 ረድፍ ብቻ ነው። 40 ጥያቄ በአንድ ገጽ ላይ የሚያጭቅ ሰው የሚነበብ መልስ አያገኝም። የማያስፈልገውን ጥያቄ መሰረዝ ይሻላል።

የረድፉ ቁመት ሳይነቃነቅ ሊቆለፍ ይገባል። አለበለዚያ በኮምፒዩተር የሚሞላው ሰው ረዥም ነገር ሲጽፍ ሳጥኑ ይሰፋና የፊርማው ቦታ ወደ ሁለተኛ ገጽ ይወርዳል። ከውሉ ተለይቶ በሌላ ወረቀት ላይ የቆመ ፊርማ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለነጋዴ መንገር አያሻም።

ሦስተኛው የመሙያው ዓይነት ነው። ወርድ ሁለት ዓይነት መሙያ አለው። የቀድሞው፣ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ጀምሮ ያለው፣ በስክሪን ላይ ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ ሳይሞላ ሲታተም ግን ባዶ ሆኖ ይወጣል። ስንት ፊደል ብቻ እንደሚቀበል መወሰንም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጣው አዲሱ ዓይነት ለአሠራር የተሻለ ቢሆንም ሳይሞላ ከታተመ «እዚህ ይጻፉ» የሚለው የእንግሊዝኛ ማሳሰቢያ አብሮ ይታተማል፤ ገበሬው እስክሪብቶውን የሚያሳርፍበት ንጹሕ ቦታ አያገኝም። አዲሱን የሚጠቀም ሰው ማሳሰቢያውን አጥፍቶ በጥቂት ባዶ ቦታዎች መተካት አለበት። በሁለቱም መንገድ ቢሆን ሰነዱ መሙያዎቹ ብቻ እንዲከፈቱ ሆኖ ካልተቆለፈ አንዱ ተዋዋይ የውሉን ቃል ሳይታወቅ ሊለውጠው ይችላል።

አራተኛው ከላይ የተነሣው ተዘርጊ መምረጫ ነው። ወረቀት አይዘረጋም። ስለዚህ ምርጫዎቹ በሙሉ ከነትንንሽ አራት ማዕዘናቸው ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ፣ ሌላ። በኮምፒዩተር የሚሞላው ይጫናል፤ በእጅ የሚሞላው √ ያደርጋል። ድንች የሚገዛም «ጓሳ»፣ «ዘንገና»፣ «በለጠ» ብሎ ዝርያውን ቢያስቀምጥ ኋላ «ይህ ያልኩት አይደለም» ከሚል ክርክር ይድናል።

ያገሩን ቀን፣ ያገሩን ስም

ብዙ ቅጾች ከውጭ ናሙና ስለሚቀዱ የአገሩን ሁኔታ ይዘነጋሉ። ወርድ የሚያቀርበው የቀን መምረጫ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። «ክፍያው ጳጉሜን 3 ይፈጸማል» ብሎ የተዋዋለ ሰው ጳጉሜን የሚባል ወር እዚያ አያገኝም። አንዱ በፈረንጅ፣ ሌላው በኢትዮጵያ ከጻፈ ደግሞ የመክፈያው ቀን ራሱ ያጣላል። ቀን፣ ወር፣ ዓ.ም. የሚሉ ሦስት ተራ ሳጥኖች ከማናቸውም መምረጫ ይበልጣሉ። በሰዓትም እንዲሁ ነው፤ «8 ሰዓት» ከቀኑ ይሁን ከሌሊቱ፣ በኢትዮጵያ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ካልተለየ ጭነት ጠባቂው ግማሽ ቀን ሊቆም ይችላል።

ስምም «ስምና የቤተሰብ ስም» ተብሎ በሁለት ሳጥን አይከፈልም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር 10 አሃዝ ስለሆነ 10 ትንንሽ ሳጥን ይሰጠው፤ አንድ ቁጥር ሲጎድል ወዲያው ይታያል። የስልክ ቁጥርም እንዲሁ። የብር መጠን በአሃዝና በፊደል ይጻፍ። መሬት የሚጠቀስ ከሆነ «ቃዳ» እና «ሄክታር» ተለይተው ይቀመጡ። ኩንታሉም 100 ኪሎ መሆኑ በቅጹ ላይ ይታተም፤ ጆንያና ኩንታል አንድ አይደሉምና።

የፊደሉም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ከመካተቱ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች በየራሳቸው መንገድ የሚሠሩ ነበሩ። በእነዚህ የተጻፈ የድሮ ፋይል ፕሮግራሙ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ ከድሮ የተወረሱ ቅጾች ዛሬም በዚሁ ምክንያት ፍኖተ ሰላም ላይ ሳይነበቡ ይቀራሉ። ቅጹ በዩኒኮድ ይጻፍ፤ ፊደሉም ከፋይሉ ጋር አብሮ እንዲሄድ ይደረግ። ለሕትመት የሚላከው ግልባጭ ደግሞ በፒዲኤፍ ይሁን።

ማኅተም፣ አሻራ፣ ቦክስ ፋይል

ቅጹ ከተሞላ በኋላም ሕይወት አለው። ይፈረምበታል፤ ቲተርና ማኅተም ያርፍበታል፤ ፎቶ ኮፒ ይነሣል፤ ተበስቶ ቦክስ ፋይል ውስጥ ይገባል። የፊርማው ሳጥን ጠባብ ከሆነ ማኅተሙ የብሩን መጠን ይሸፍነዋል። ለማኅተም 4 በ4 ሳንቲ ሜትር፣ ለአውራ ጣት አሻራ 3 በ3 ያህል ባዶ ቦታ ይተው። የሁለት ምስክሮች ስምና ፊርማ፣ የማያነብ ተዋዋይ ካለም የአረጋጋጩ ቦታ ቀድሞ ይታተም፤ ጠርዝ ላይ እንዲጻፍ አይተው። በግራ በኩል ለመብሻው 3 ሳንቲ ሜትር ኅዳግ ይቀመጥ። ለውበት ተብሎ በጥቁር ግራጫ የሚቀባ ሳጥን በሦስተኛው ፎቶ ኮፒ ላይ ጥቁር ስለሚሆን መተው አለበት። የወረቀቱ ልክም ኤ 4 መሆኑ ይረጋገጥ፤ ከአሜሪካ የመጣው የወርድ ናሙና አጭርና ሰፊ ስለሆነ አቀማመጡ ይዛባል።

ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚያስፈልገው የአንዲት ጥሩ ጸሐፊ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ ነው። አንድ የጭነት መኪና እህል ከሚያስከትለው ክርክር ጋር ሲነጻጸር ወጪው ወጪ አይባልም። ጉዳዩ ግን ለእያንዳንዱ ነጋዴ ብቻ የሚተው አይደለም። እንደ ፍኖተ ሰላሙ ዳሞትና እንደ ባሕር ዳሩ መርከብ ያሉ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች፣ የየከተማው የንግድ ምክር ቤቶችና ትልልቅ ገዢዎች ተቀምጠው አንድ የእህል ግዢና ርክክብ ቅጽ ቢስማሙ ሰብሳቢው ገዢ በተቀያየረ ቁጥር አዲስ ወረቀት ከመማር ይድናል፤ ባንኩና ፍርድ ቤቱም የሚያውቁት ሰነድ ይኖራል።

ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ነጋዴ በእጁ ያለውን ቅጽ የሚፈትንበት ቀላል መንገድ አለ። ባዶውን ያሳትመው፤ ኮምፒዩተር ለማያውቅ ሰው እስክሪብቶ ይስጥና ያስሞላው። ከዚያ ያንኑ በኮምፒዩተር ያስሞላና ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጥ። መልሶቹ በአንድ ቦታ ላይ ካልተገናኙ፣ ወይም አንዱ ላይ ያለ መልስ ሌላው ላይ ከጠፋ፣ ቅጹ ገና ነው። ይህን መፈተን የሚገባው ደግሞ መኪናው ከመጫኑ በፊት ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።